ቀለም የሌለው ሪፖርት

አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ በአንድ ገጽ ላይ ሳይ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ስለ ባንዲራ አይደለም የማወራው፤ ስለ ሪፖርት ነው። በዚያ በግምገማና በዕቅድ አፈጻጸም ዘመን፣ ወረታ ውስጥ ስሙን መጥራት በማልፈልገው መሥሪያ ቤት የከብት በሽታና የክትባት መረጃ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ከጎጃም ተመድቤ መጥቼ፣ ቤት ተከራይቼ፣ የሜዳውን ሙቀትና ቢንቢ ለምጄ፣ ሥራዬን ወድጄው ነበር። ያስጠሉኝ ሰዎች አሉ። የእነሱንም ስም አልጠራም፤ ራሳቸው ያውቁታል።

ከየቀበሌው የሚመጣውን፣ ስንት ከብት ታመመ፣ ስንት ሞተ፣ ስንቱ ተከተበ የሚለውን፣ ዳታቤዙ ውስጥ አስገባለሁ። ፕሮግራሙን የሠራው ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሙያ ነበር፤ ሠርቶ፣ ግማሽ ቀን አሠልጥኖን ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ስልኩም አይነሣም። በየሳምንቱ አንዲት ቁልፍ ስጫን ፕሮግራሙ ራሱ ኤክሴል ከፍቶ ሪፖርቱን ይሠራል። ቁጥሮቹን ማውጣት ለእሱ ምንም አይደለም። ጉዱ ያለው ማስዋቡ ላይ ነው። የበላይ መሥሪያ ቤታችን ሪፖርት የሚቀበለው አጊጦ ሲመጣ ብቻ ነበር፤ ርዕሱ ደማቅ፣ መስመሩ ድርብ፣ ጥሩ የሠራ ቀበሌ አረንጓዴ፣ መካከለኛው ቢጫ፣ ደካማው ቀይ። ፕሮግራሙ ታዲያ ይህን ሁሉ የሚቀባው ሣጥን በሣጥን ነው። አንዷን ሣጥን ይመርጣል፣ ይቀባል፣ አራቱንም ጎኗን ያሰምራል፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ስክሪኑ ሲርገበገብ እኔ እጄን አጣጥፌ ቁጭ እላለሁ። ጠዋት የጀመረው ሥራ ምሳ ሰዓት ይደርስበታል። በመሃል መብራት ከሄደ፣ ወረታ ላይ ደግሞ መብራት መሄድ ልማዱ ነው፣ ሁሉም ይጠፋና ከመጀመሪያው ይጀመራል።

ሪፖርቱ ረቡዕ ቢሮ ሳይዘጋ መድረስ አለበት። ፍላሹን በፖስታ አሽጌ፣ መገንጠያው ላይ ወደ ደብረ ታቦር ለሚወጣ ሚኒባስ ረዳት እሰጣለሁ፤ እዚያ ተላላኪ ቆሞ ይቀበላል። ሐሙስ ጠዋት የክትባት መኪናዋ ትወጣለች። ክትባት የምትጭነው ሪፖርቱ ለደረሰ ወረዳ ብቻ ነው፤ ሪፖርት ያልላከ ወረዳ በሽታ የለበትም ተብሎ ይታለፋል። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ፤ የነገረኝ የለም።

በዚያ ዓመት መስከረም ላይ፣ ከርብና ከጉማራ ወንዞች ሞልቶ ሜዳው ላይ የተኛው ውሃ መሸሽ ሲጀምርና ከብቱ ረግረጉ ላይ ወጥቶ መጋጥ ሲጀምር፣ ጉሮሮ የሚያሳብጠው በሽታ ገባ። ከብቱ አንዴ ካበጠ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ክትባቱም የሚያድነው ገና ያልያዘውን ስለሆነ ቶሎ መድረስ ነበረበት። ይህን የማያውቅ በቢሯችንም ሆነ በበላዮቻችን ቢሮ አንድም ሰው አልነበረም።

በዚያ ሰሞን አንድ ሽማግሌ ከቁሐር ሚካኤል እየመጡ ደጃችንን ይጠኑ ነበር። ረጅም፣ ከሲታ፣ ቁጡ ሰው ናቸው፤ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ደርሶ ነው የሚመጡት። ልጆቻቸው በየፊናቸው ሄደው እሳቸውና ባለቤታቸው ብቻ ቀርተዋል፤ የሚኖሩት በሁለት በሬና በአንዲት ቡራቡሬ የምትታለብ ላም ነው። አንዱ በሬያቸው አብጦ ተኝቷል።

"እሱንስ ተስፋ ቆርጫለሁ" አሉኝ በሩ ላይ ቆመው። "ለሁለቱ ነው የመጣሁ። መድኃኒቱ መች ነው የሚመጣ?"

"ሪፖርቱ ዛሬ ከደረሰ ነገ ይመጣል፣ አባቴ።"

"ታዲያ ላኪው እንጅ፤ ምን ቁጭ አልሽ?"

ወንበር ሰጠኋቸውና ስክሪኑን አሳየኋቸው። ሣጥኖቹ አንድ ባንድ አረንጓዴና ቢጫ እየሆኑ ይወርዳሉ። ዘንጋቸውን ተመርኩዘው አዩት።

"ምን እያደረገ ነው?"

"ቀለም እየቀባ ነው።"

"ቁጥሩ ገና ነው እንዴ?"

"ቁጥሩስ አልቋል።"

"እና ቀለሙ ለማን ነው?"

"ለበላዮቻችን ነው" አልኳቸው። "እኔ ቤቴን እንኳ ቀለም ቀብቼ አላውቅ" አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ሊያስቁኝ ይሁን ሊሰድቡኝ አልገባኝም። አፈርኩ። ያፈርኩት ደግሞ እኔ ባላጠፋሁት ነው፤ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።

ብዙም ሳይቆይ መብራት ሄደ። ስክሪኑ ጥቁር ሲሆን ሽማግሌው እኔን አዩኝ፤ እኔ ጣሪያውን አየሁ። መብራቱ የተመለሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ ለመቀባት ጊዜ አልነበረም። ቁጥሩን ብቻ፣ ያለ ቀለም፣ ያለ መስመር አወጣሁና ፍላሹን ይዤ ወደ መገንጠያው በባጃጅ ከነፍኩ። በሰዓቱ ደረሰ። መድረሱን ለማረጋገጥ ስደውል ስልኩን ያነሣው ሪፖርት ተቀባዩ ነበር።

"ይሄ ምንድን ነው የላክሽው?"

"የሳምንቱ ሪፖርት ነው።"

"ቀለም የለውም እኮ።"

"መብራት ሄዶብኝ ነው። ቁጥሩ ግን ሙሉ ነው፤ ይዩት።"

"ቀለም ከሌለው የትኛው ቀበሌ እንደባሰበት በምን እናውቃለን?"

"ቁጥሩን አንብበው ነዋ" አልኩት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

በማግስቱ የክትባት መኪናዋ ወረታ ገባች፤ ቀለም የሌለው ሪፖርታችን እንዳልደረሰ ተቆጥሮ፣ መሃል ከተማውን ይዛ፣ ሳትቆም፣ ወደ ሐሙሲት ሄደች። በራችን ላይ ቆሜ ስታልፍ አየኋት። ከኋላዋ የክትባቱ ሰማያዊ ማቀዝቀዣ ሣጥን ተጭኖ ይታያል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ድንጋይ መወርወር ያማረኝ ጊዜ የለም።

ቅዳሜ ሽማግሌው ገበያ ወጥተው በቢሮው አጠገብ ሲያልፉ አገኘኋቸው። የታመመው በሬ ሞቷል። "ግዴለም" አሉኝ፣ እኔን ለማጽናናት ያህል። "ጎረቤቴም አንድ ነው ያለው። መቀናጆ እንገባለን፤ የእሱንም የእኔንም መሬት በእነሱ እናርሳለን። ላሚቱም ወተቷን ትሰጠናለች። እነዚህ ሁለቱ ብቻ ይትረፉልኝ እንጅ ሌላ አልል።" ይህን ሰምቼ ቤቴ ገብቼ ምሳ መብላት አልቻልኩም።

ተመልሼ ቢሮ ገባሁና ያንን የተረገመ ፕሮግራም ሆዱን ከፈትኩት። ኮሌጅ ሳለሁ ትንሽ ተምሬአለሁ፤ ትንሽ ግን ለንዴተኛ ሰው ይበቃል። የሚሠራበትን ትእዛዝ ከላይ ጀምሬ ሳነበው ለማመን አቃተኝ። ድግስ ጠርቶ፣ ለእንግዳው እያንዳንዷን ጉርሻ ለየብቻ ከጓዳ የሚያመላልስ ሰው አስቡ። ፕሮግራሙ የሚያደርገው ይህንኑ ነበር። ለአንዲት ሣጥን ቀለም ከዳታቤዙ ወደ ኤክሴል ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ ለላይኛው መስመሯ ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ ለታችኛው እንደገና። እያንዳንዷንም ምልልስ ስክሪኑ ላይ ካላሳየ አይሆንለትም። ከዚህ ሁሉ የባሰው ደግሞ የገጹን ጠርዝ ባስተካከለ ቁጥር ፕሪንተሩን መጠየቁ ነው። ፕሪንተራችን ለጥገና ባሕር ዳር ሄዶ እንደወጣ ቀርቷል። ፕሮግራሙ የሌለ ፕሪንተር ደጅ ሲጠና፣ እስኪመልስለት ሲጠብቅ፣ ተስፋ ቆርጦ ሲቀጥል፣ በሚቀጥለው ገጽ ላይ ደግሞ እንደገና ሲጠይቅ ነበር ለካ ቀኑ የሚያልቀው። ብቻዬን ሳቅሁ። የሳቅሁት ግን ደስ ብሎኝ አልነበረም።

መላው ቀላል ነበር። ባዶ ሪፖርት አስቀድሜ በእጄ አዘጋጀሁ፤ ርዕሱም፣ መስመሩም፣ የገጹም ጠርዝ ተበጅቶ የተቀመጠ። ፕሮግራሙ ከእንግዲህ አይቀባም፤ ቁጥሩን በአንድ ጊዜ አምጥቶ እዚያ ላይ ያፈሰዋል፤ ቀለሙን ሠንጠረዡ ራሱ ቁጥሩን አይቶ ይለብሳል። ሥራው እስኪያልቅ ስክሪኑ ዝም እንዲል አዘዝኩት። ፕሪንተሩን የሚጠይቀውን ደግሞ ከነሥሩ ነቅዬ ጣልኩት። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጨረስኩና ቁልፏን ተጫንኩ። ሻይዬን ሳልጨርስ ሪፖርቱ ከነቀለሙ፣ ከነመስመሩ ወጣ። አላመንኩም፤ ደጋግሜ ተጫንኩት። ደጋግሞ ወጣ።

ሰኞ ጠዋት ከየቀበሌው የመጣውን አስገብቼ፣ ሪፖርቱን አውጥቼ፣ በመጀመሪያው ሚኒባስ ላክሁት። በቁሐር ሚካኤል በኩል ሽማግሌው የነገሩኝ አንድ በሬም ውስጡ አለ። ለቀበሌውም "ሐሙስ የክትባት መኪና ስለምትመጣ ከብታችሁን አውጥታችሁ ጠብቁ" ብዬ መልእክት ሰደድኩ። ሕጉ ሪፖርት የደረሰለት ወረዳ ክትባት ያገኛል ነው የሚለው። ሪፖርቱ ደርሷል፤ ያውም ቀለሙን ጠግቦ።

ማክሰኞ ኃላፊያችን አስጠራኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር፤ በዚያ ሳምንት ግን ልዩነቱ አልታየኝም። ስልኩን ገና ማስቀመጡ ነው፤ ላብ በላብ ሆኗል።

"ማን ፍጠኚ አለሽ?" አለኝ።

ጥያቄው አልገባኝም።

"ሌላው ወረዳ ሁሉ ረቡዕ ነው የሚልከው። የእኛ ሰኞ ደረሰ። ከየት አምጥታችሁት ነው እያሉ ነው። ቁጭ ብላችሁ ፈጥራችሁት ነው እንጂ በእውነት ተሰብስቦ እንዲህ አይፈጥንም ብለውናል።"

"ፕሮግራሙን አስተካክዬው ነው። ይምጡና ላሳይዎት።"

መጣ። ቁልፏን ተጫንኩ፤ ሪፖርቱ ወጣ። ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። ስክሪኑን እንደ እባብ አየውና ወደ ኋላ ሸሸ። "ያን ያህል ጊዜ የሚፈጀው ሥራ በዚህ ያልቃል ብዬ ለእነሱ ብነግራቸው፣ ያን ሁሉ ዓመት ምን ስትሠሩ ነበር አይሉኝም?" አለ። ከጭንቅላቱ በላይ ግድግዳው ላይ "ቀልጣፋ አገልግሎት እንሰጣለን" የሚል በትልልቅ ፊደል ተለጥፏል። ዐይኔ እዚያ ላይ እንደተተከለ አይቶ፣ "እስቲ አትቀልጂ" አለኝ። አንድም ቃል አልተናገርኩም ነበር።

"ክትባቱስ?" አልኩት።

"ሪፖርቱ ይጣራል። ሐሙስ አጣሪ ቡድን ይመጣል። ከተጣራ በኋላ ክትባቱ ይላካል።"

"በሽታው እስኪጣራ ይጠብቃል?"

"አንቺ ደግሞ አፍሽ" አለኝና ወደ ቢሮው ገባ። ለቀበሌው ደውዬ ሐሙስ የሚመጣው ሌላ ነው ልላቸው ሞከርኩ፤ መስመሩ አይሠራም፤ ሰው ብልክም ወንዙ መልሶ ሞልቶበት ሳይደርስ ቀረ። ረቡዕን እንዴት እንዳሳለፍኩት አላውቅም። ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ስጣላ ነው የዋልኩት።

ሐሙስ ያችው የክትባት መኪና መጣች። ያችው ራሷ! ሾፌሩም ያው። ወደ ኋላዋ ሮጬ አየሁ፤ ማቀዝቀዣው ሣጥን የለም። በቦታው ቦቲ ጫማዎችና አንድ ካርቶን ሙሉ ፎልደር ተጭኗል። ከውስጥ አጣሪዎቹ ወረዱ፤ የቡድን መሪው ከነጃንጥላው። ክትባት የሚያመጣ መኪና አለን፣ ነዳጅም አለን፣ ሰውም አለን፤ ግን ክትባቱን ትተን መጠርጠሪያ ይዘን መጣን ማለት ነው። ይህን ለመሪው በፊት ለፊቱ ነገርኩት። "እህቴ፣ እኛ የታዘዝነውን ነው" አለኝ በትሕትና። ትሕትናው ይበልጥ አሳበደኝ።

ለማጣራት የመረጡት ቁሐር ሚካኤልን ነው፤ ለአስፋልቱ ቅርብ ስለሆነ። ኃላፊያችን እኔንም ከእነሱ ጋር አብሬ እንድሄድ አዘዘ። ወንዙ ጎድሎ ነበር፤ መኪናዋ የምትችለውን ያህል ከሄደች በኋላ በእግራችን፣ በሩዙ ማሳ ዳር ዳር፣ ጭቃውን እየረገጥን ገባን። ስንደርስ የቀበሌው ሰው ከብቱን አውጥቶ ከጠዋት ጀምሮ ቆሟል። አስቸጋሪውን በገመድ አስረው፣ በየወገኑ ለይተው፣ ሴቶቹ ለእጅ መታጠቢያ ውሃ ሳይቀር አዘጋጅተው ይጠብቃሉ። እኛን ሲያዩ መንገድ ለቀቁልን። አንገቴን ደፍቼ በመካከላቸው አለፍኩ።

ሽማግሌው ከፊት ቆመዋል። በእጃቸው የላሟን ገመድ ይዘዋል። በሬው የለም።

"ሁለተኛውስ?" አልኳቸው ቀስ ብዬ።

"ትናንት" አሉ። ጎረቤታቸው፣ መቀናጆ የሚገባው፣ ከጎናቸው ቆሞ መሬት መሬቱን ያያል።

የቡድን መሪው ፎልደሩን ከፈተ። "አባቴ፣ ስንት ከብት ሞተብዎት?"

"ሁለት።"

ወረቀቱን አገላበጠ። "ሪፖርቱ ላይ ግን አንድ ነው የሚለው።"

"ሰኞ አንድ ነበረ" አሉ ሽማግሌው። "ማክሰኞ መጥታችሁ ቢሆን አንድ ይሆንላችሁ ነበር።"

"አይገጥምም" አለ መሪው ለባልደረባው። ባልደረባው ጻፈ። ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻልኩም። በሬው የሞተው ሪፖርቱ ከተላከ በኋላ ነው፣ የሞተውም እናንተ ክትባቱን ስላስቀራችሁ ነው አልኩት፣ በሰው ሁሉ ፊት። መሪው ጃንጥላውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። "ታዲያ ሁኔታው ሳይጠናቀቅ ለምን ሪፖርት ታደርጊያለሽ?" አለኝ። ከልቡ ነው የጠየቀኝ፤ እየቀለደ አልነበረም።

ሽማግሌው ሁለታችንንም አፈራርቀው አዩ። እስከዚያች ሰዓት እኒህ ሰዎች መድኃኒት የያዙ መስሏቸው እንደነበር የገባኝ ፊታቸው ሲለወጥ ነው። ገመዱን ወደ ፊት ሳቡና ላሟን መሪው ደረት ድረስ አቀረቧት።

"ይችንም ጻፏት እንግዲያስ" አሉ።

"እሷ እኮ ደህና ናት፣ አባቴ።"

"ዛሬ ደህና ናት። ጻፏትና ሂዱ፤ ደግማችሁ እንዳትደክሙ።"

ማንም አልሳቀም። ባልደረባው እስክሪብቶውን እንደያዘ መሪውን አየ፤ መሪው ፎልደሩን ዘጋ። ሰዉ ከብቱን እየፈታ ወደየቤቱ መንዳት ጀመረ።

ዓርብ ኃላፊያችን ፕሮግራሙን ወደ ድሮው እንድመልሰው አዘዘኝ። አልመልስም አልኩት። ለመገምገም ይመቸው ዘንድ እምቢታዬን በጽሑፍ ሰጠሁት። ከዚያ ወዲያ ሪፖርቱን ሰኞ ጠዋት ሻይ ጠጥቼ ሳልጨርስ አወጣዋለሁ፤ እሱ ይቀበለኝና መሳቢያው ውስጥ ቆልፎ እስከ ረቡዕ ያሳድረዋል። ረቡዕ ሲላክ ማንም አይጠረጥረውም። መሥሪያ ቤቱን እስክለቅ ድረስ እንዲሁ ነበር።

ላሟ ከዚያ ሳምንት አላለፈችም። ክትባቱ በሚቀጥለው ሐሙስ መጣ፤ አብሬ ሄጄ ነበር። ሽማግሌው የሚያስከትቡት አንድም ከብት ስላልነበራቸው፣ ሐኪሙ መርፌውን ሲወጋ የጎረቤታቸውን በሬ ቀንድ ይዘው ያረጋጉለት ነበር።